ዘኪያ ገብስ የቆላችበት ክረምት

ኖቬምበር 4

ስኳርዎ በባዶ ሆድ ሁለት ከሰማንያ ሰባት ነው ተባልኩ፤ የጤነኛ ሰው ከአንድ ከአሥር አያልፍም አሉ። ያለችኝ ዶክተር ኢብቲሳም ናት። ይህችን ልጅ አራተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ ሳታውቅ ነው ያለፈችው፣ ያሳለፍኳትም እኔው ነኝ። አሁን ነጭ ጋውን ደርባ ስለ ቁርሴ ትመረምረኛለች።

«ሲዲ፣ ጠዋት ምን ይበላሉ?» አለች። በዚህች በመህዲያ ከተማ ያስተማርኳቸው ሁሉ ጸጉራቸው ሸብቶም ሲዲ፣ ጌታዬ፣ ነው የሚሉኝ።

«ሰው የሚበላውን።»

«ሰው ምን ይበላል?»

«ነጭ ዳቦ፣ ቅቤ፣ የብርቱካን ማርማላታ፣ ቡና በሦስት ስኳር።»

ቲጃኒ የሚጠብሰውን ቦምቦሊኖ፣ ያንን ስኳር የተነሰነሰበት ሊጥ፣ አላነሳሁም። አልተጠየቅሁም።

ክኒን አዘዘች። ጣት ወግቶ ደም የሚለካ አንድ ትንሽ መሣሪያ ሰጠችኝ። ይህንንም ደብተር የሰጠችኝ እሷ ናት፤ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እየለካሁ ቁጥሩን እንድሞላበት። ከዚያ ወደ ዋናው ስብከቷ ገባች። ነጩ ዳቦ ይቅር፤ የገብስ ቂጣ ይብሉ፣ ስኳር የሌለው የገብስ በሶ፣ የማሽላ አጥሚት። «እናትዎ ይበሉት የነበረውን ቁርስ ነው የምልዎ፣ ሲዲ» አለች ፈገግ ብላ።

እናቴ ያንን የበላችው ሌላ ስላልነበራት ነው። ይህን ግን ለእሷ ምን አስረዳኝ።

ደብተሩን ከፊት ለዶክተሯ፣ ከኋላ ለራሴ እጽፍበታለሁ።

ኖቬምበር 6

ለዘኪያ ነገርኳት። በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳራችን እንዲህ በጥሞና ሰምታኝ አታውቅም። ጡረታ ስወጣ ያደረግሁትን ንግግር እንኳ ሽንኩርት እየላጠች ነው የሰማችው። የዶክተሯን ወረቀት ሁለቴ አስነበበችኝ።

«የምግቡን ቦታ ድገምልኝ» አለች።

«አንቺ አታነቢም?»

«መነጽሬ ሰሞኑን አልታዘዝ ብሎኛል።»

መነጽሩ ምን አደረገ፤ ዓመቱን ሙሉ በአቧራው ነው የምታደርገው።

ኖቬምበር 11

ቤቱ የገብስ ሽታ ሆኗል። ከጠዋት ጀምራ ስትለቅም፣ ስትቆላ፣ ሽምብራውን፣ ድንብላሉን፣ አብሹን ስታምስ ዋለች። መስኮቱን ደግሞ ወለል አድርጋ ከፍታዋለች፤ እኔ ሙኽታር ቤት ገብስ እንደገባ ጎዳናው ሁሉ ይወቅ ተብሎ።

ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። አባቴ የወይራ መጭመቂያ ቤት የቀን ሠራተኛ ነበር፤ በድርቁ ዓመታት ጠዋትም ማታም ገብስ በላን። ልጆቹ «ገብሴ» ይሉኝ ነበር። ስም ስጠራ አቤት የሚለኝ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ እስኪኖረኝ፣ ከዚያም የትምህርት ተቆጣጣሪ እስክሆን የተማርኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ነጭ ዳቦ ለመብላት ነው። አሁን በስልሳ አራት ዓመቴ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ወደ ገብሱ ልትመልሰኝ ነው።

ኖቬምበር 13

የመጀመሪያው በሶ ቀረበ። በወይራ ዘይት ተበጥብጦ ጭቃ መስሏል።

«ስኳሩስ?» አልኳት።

«የለም።»

«ማሩስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ገብስ አለ» አለች፣ ከራሷ ሳህን እየዛቀች። እሷ ምን ቸገራት፤ ሐኪም አላዘዘባትም፣ ወዳ ነው የምትበላው። ሦስት ማንኪያ ዋጥኩና «መስጊድ ደርሼ ልምጣ» ብዬ ወጣሁ።

ኖቬምበር 14

መስጊዱ ከቲጃኒ መጥበሻ ቤት ጎን መሆኑ የኔ ጥፋት አይደለም።

ቲጃኒ ሊጡን ቀዶ ዘይቱ ውስጥ እየጣለ «ሲዲ ሙኽታር፣ ሁለት ቀን ሲጠፉ ቦምቦሊኖውን ለድመት ልሰጠው ነበር» አለኝ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ጡረተኛ ሥራ በዛበት። አገሩ ሳይሻሻል አልቀረም።»

መሃይም ነው፣ ግን ምላሱ አይሰንፍም። አንድ በላሁ። ስኳሩን ቀለል አድርግልኝ ብዬዋለሁ፤ ይህም ጥንቃቄ ነው።

ኖቬምበር 19

ሁለት ከአርባ አንድ። ከፊት 1.20 ብዬ ጻፍኩ። የፈተና ወረቀት ሳርም ግማሽ ነጥብ እየጨመርኩ ያሳለፍኳቸው ስንት ናቸው። ማንም አልሞተም።

ኖቬምበር 23

የመለኪያው ወረቀት ሊያልቅ ነው። ሃምሳ ነበር። በቀን አንድ ብቻ ነው የምጠቀመው፣ ሠላሳ አንድ ሊተርፈኝ ሲገባ አሥራ ሁለት አገኘሁ። ፋርማሲ ሄጄ ጮህኩ። ልጁ ሳጥኑ ታሽጎ እንደሚመጣ ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ ሌላ ሳጥንም ሸጠልኝ። እኔ ነኝ ስለ ማሸግ የምማረው።

ዘኪያን ጠየቅኋት። «ጎድሎ መጥቶ ይሆናላ» አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ ውሃ እየጠጣች። ይህች ሴት ሰሞኑን ውሃ ትጠጣለች፣ ትሸናለች፣ ትጠጣለች። ሌሊት ሦስቴ እየተነሳች በሩን ታንኳኳብኛለች። በሽተኛ ያለበት ቤት መሆኑን የሚያስብ የለም።

ኖቬምበር 27

ልጃችን ሱንዱስ ከቱኒስ ደወለች። እኔ ሰገነቱ ላይ ነበርኩ፤ ዘኪያ ወጥ ቤት ሆና ስታወራ ሰማኋት።

«አይ፣ እሱ ደህና ነው» ትላታለች። «ጢሙ ላይ ስኳር ይዞ ይመጣና ከመስጊድ ነው የምመጣው ይለኛል። ... ምን ልበለው? ሽማግሌ እኮ ነው። ... እኔ? እኔ ምን እሆናለሁ። ትንሽ ድካም ነው።»

ጢሜን መስታወት ፊት አየሁት። ምንም የለበትም። ለልጅ እንዲህ ተብሎ ይወራል? ሰላሳ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራ ከስልኩ ጋር ሆና ታማኛለች። እራት ላይ አላናገርኳትም። ያላናገርኳት መሆኑን እንኳ አላስተዋለችም፤ ቁጭ ባለችበት ሸለብ አድርጓት ነበር።

ዲሴምበር 2

ገብሱን ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ መረመርኩት። ስላልበላህ ነው የማያድንህ እንዳልባል በሶውን በትልቁ ሳህን አስሞልቼ በላሁ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ዘኪያ ሰላጣ ልትገዛ ስትወጣም አራተኛውን በማር አድርጌ አስከተልኩ፤ ያለ ማር የሰው ልጅ የሚውጠው ነገር አይደለም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካሁ። ሦስት ከአሥር።

የገብስ መድኃኒትነት ይኸው ነው። ሬዲዮ ላይ ረቡዕ ረቡዕ «ያልተፈተገ እህል፣ ያልተፈተገ እህል» እያለች የምታላዝን አንዲት የምግብ አዋቂ አለች፤ ደብዳቤ ልጽፍላት አስቤያለሁ። ማሩን መጥቀስ አያስፈልግም።

ዲሴምበር 6

ማዕበል። ባሕሩ መንገድ ላይ ወጥቶ ነው ያደረው። ቲጃኒ አልከፈተም። አማራጭ ስላጣሁ አንድ የገብስ ቂጣ በተቀቀለ ዕንቁላልና በወይራ ዘይት በላሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ ከአርባ ስድስት።

አጋጣሚ ነው።

ዘኪያ ቁጥሩን ከትከሻዬ በላይ አጎንብሳ አየች። «ቂጣው ምን ያህል ነበር? መዳፍ ያህል? ዕንቁላሉን በፊት ነው የበላኸው ወይስ በኋላ?» እያለች አጣደፈችኝ። የኔ ስኳር እንዲህ ያሳስባታል ብዬ አላውቅም ነበር። ትንሽ ደስ አለኝ፣ አልክድም።

እጇን ሳይ አምባሯ እስከ ክርኗ ወጥቶ ይመለሳል። ድሮ ሳሙና ካልተቀባች አይወልቅም ነበር። መክሳት ያምርባታል። አልነገርኳትም፤ ትኮራለች።

ዲሴምበር 10

ዛሬ ሳቅሁባት። ደግማ ገብስ ስትቆላ ብረት ምጣዱ ከእጇ አምልጦ የጋለው እህል እግሯ ላይ ተገለበጠ። ማንም ሴት ብትሆን ሰፈሩን በጩኸት ታፈርሳለች። ዘኪያ ቆማ እህሉን አየችው። «ወይኔ፣ ገብሱ ፈሰሰ» አለች። ጫማዋ ውስጥ የገባውን ሳታራግፍ መጥረጊያ ልታመጣ ሄደች።

«የአህያ ቆዳ ነው ያለሽ» አልኳት።

«ሳይሆን አይቀርም» አለች።

ዲሴምበር 15

በጥድፊያ። ቅዳሜ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፤ የጎደሉትን ቀኖች ከፊት እየሞላሁ ነው። 1.18፣ 1.25፣ 1.21። አንዳንዴ 1.32 ጣል አደርጋለሁ፣ ተፈጥሯዊ እንዲመስል።

ዘኪያ ሁለት ካልሲ ደርባ ታነክሳለች። ብርድ ነው ትለኛለች። ቡና እንኳ አላፈላችልኝም። ስንፍና በዕድሜ ይመጣል መሰለኝ።

ዲሴምበር 18፣ ከሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዶክተር ኢብቲሳም ደብተሩን ከፊት አገላብጣ «ማሻአላህ፣ ጎበዝ ተማሪ» አለችኝ። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ «መሣሪያውን ይስጡኝ» አለች። ሰጠኋት። አንዲት ቁልፍ ትጫናለች፣ ታያለች፤ ትጫናለች፣ ታያለች። መሣሪያው የለካውን ሁሉ ከነሰዓቱ እንደሚያስታውስ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቅሁም ነበር። ስልሳ አራት ዓመት ኖሬ ያዋረደኝ ክብሪት ሳጥን የምታክል ፕላስቲክ ናት።

«ሲዲ፣ ኖቬምበር 19 አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ከአርባ አንድ ነው የሚለው። እርስዎ አንድ ከሃያ ብለዋል።»

«ዓይኔ ይሆናል።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ ያስጻፉን እርስዎ ነበሩ።»

አስጽፌያለሁ። በቅጣት ነው ያስጻፍኳት፣ ለዚያውም ለእሷ።

ቁልፏን መጫን ቀጠለች፤ ፊቷ ግን እየተለወጠ መጣ። የኔን ውሸት ትታዋለች።

«ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለምንድን ነው የሚለኩት?»

«እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተኝቼ ነው የምገኘው።»

«በየቀኑ አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስት ከሃምሳ፣ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ከአሥር። በማግስቱ ሦስት ከሰባ፣ ከዚያ ሁለት ከሠላሳ። ይህ የአንድ ሰው ደም አይደለም፣ ሲዲ። ትናንትና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራት ከሰማንያ ነው የሚለው። ቤት ውስጥ ከእርስዎ ጋር ማን አለ?»

«ማንም የለም» አልኩ። «ከዘኪያ በቀር።»

ይህን ከአፌ ሳወጣ ራሴን ሰማሁት።

ታክሲ ይዤ ገባሁ። አልጋ ላይ ጋደም ብላ አገኘኋት፤ ግንባሯ ይፋጃል። ካልሲውን እንዳወልቅላት አልፈለገችም። «ተወው፣ ይሸታል፣ አታየው» አለችኝ። አወለቅሁት። የፈሰሰው ገብስ አቃጥሏት ኖሯል፣ እሷ ግን አልተሰማትም፤ ከዚያ ያለፈውን አልጽፍም። ስምንት ቀን ሙሉ እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ስለ ቡናዬ ሳማርር።

ሱንዱስ እየመጣች ነው። አምቡላንሱ ታች ቆሟል።

ዲሴምበር 20

ሆስፒታል። ትኩሳቱ አልወረደም። ኢንሱሊን በደም ሥር።

ነርሷ «ሴትዮዋ ስኳር እንዳለባት ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። «ባሏ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። ነኝ።

ዲሴምበር 22

ትንሿንና ቀጥላ ያለችውን ጣት ቆረጡ። ግራ እግር። እግሩ ግን ተርፏል አሉ። ሌላ አራት ቀን ቢቆይ እግሩም ይሄድ ነበር አለ ቀዶ ሐኪሙ፤ ጎረምሳ ነው፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ድሮ ቢሆን አቋቋሙን አርም ነበር።

ዲሴምበር 28

ዛሬ ተቀምጣ ሾርባ ጠጣች። ሱንዱስ ወጣ ስትል ጠየቅኋት። አሥር ቀን ያጠናሁት ጥያቄ ስለነበረ እንደ ተቆጣጣሪ አድርጌ ነው የጀመርኩት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጠርጥሬ ነበር። አንተ መሣሪያውን ይዘህ የመጣህ ለታ፣ ተኝተህ ሳለህ ለካሁ። ሦስት ከአርባ አለኝ።»

«ሁለት ወር ሊሆነው ነው፣ ዘኪያ።»

«ገብሱን እበላ ነበር እኮ። ያነበብክልኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። መዳፍ ያህል ቂጣ፣ ስኳር የሌለው በሶ። ይወርዳል ብዬ ነው። ከአንተ ክኒን ግን አልሰረቅሁም፤ አንዱም አልጎደለብህ።»

«ገብስ ብቻውን ምን ያደርጋል! ሐኪም፣ መድኃኒት...» ብዬ ጀመርኩ፤ ሁለት ወር ሙሉ መድኃኒቱንም ሐኪሙንም ገብሱንም ይዤ ቦምቦሊኖ ስበላ የነበርኩት ሰውዬ። ከዚያ ቀስ ብዬ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ሾርባውን አስቀመጠች። ቁጣ የላትም፤ ቁጣ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር።

«ቤቱን በሙሉ በአንተ በሽታ ሞልተኸው ነበር፣ ሙኽታር። የኔን የት ላስቀምጠው?»

ደብተሩን ከኋላ ገለጥኩት። ስለ ሬዲዮዋ ሴት፣ ስለ ፋርማሲው ልጅ፣ ስለ ኢብቲሳም ነጠላ ሰረዝ ስንት ገጽ ሞላሁ። ስለ ሚስቴ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት፤ ውሃ መጠጣቷ፣ መነጽሯ፣ አምባሯ። ሁሉንም አይቼዋለሁ። በእጄ ጽፌዋለሁ። የማይረባ ተማሪ እንዲህ ነው፤ ጥያቄውን አሳምሮ ይገለብጥና መልሱን ባዶ ይተወዋል።

ጃንዋሪ 4

ወደ ቤት ገባን። ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ እኔ ነኝ የምወጋት፤ ኢብቲሳም ብርቱካን ላይ አለማመደችኝ። ሦስቴ አበላሸሁ። «አይቸኩሉ፣ ሲዲ፣ እንደገና» አለችኝ። እኔ ለእሷ እንዲህ ብያት አላውቅም።

ኢብቲሳም ለሁለታችንም በአንድ ወረቀት ጻፈችልን። ገብሱ ይቀጥል፤ ግን በልክ፣ ከዕንቁላል ወይም ከእርጎ ጋር፣ መድኃኒቱ ሳይቀር። «ገብስ ስኳሩን ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው፤ ሐኪምን ግን አይተካም» አለች ወደ ዘኪያ እያየች። «ማርም ገብስ አይደለም» አለች ወደ እኔ። ማን እንደነገራት አላውቅም።

ጃንዋሪ 7

ገብስ ቆላሁ። ዘኪያ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ከወንበር ታዛለች።

«እሳቱን ቀንስ።»

«ቀንሻለሁ።»

«አማስለው። ደብተር አይደለም፣ እያየኸው አይታረምም።»

የመጀመሪያው ዙር ከሰለ። ሁለተኛው ግማሹ ጥሬ ግማሹ ከሰል። ሦስተኛውን አንድ ፍሬ አንስታ ቆረጠመችና ብዙ አሰበች።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«አሳልፍሃለሁ» አለች። «በግማሽ ነጥብ።»

ይህን ደብተር አንብባዋለች ማለት ነው። መነጽሯን ከልብስ ሣጥኑ ላይ አገኘሁት፤ ተወልውሏል።

ጃንዋሪ 10

ማስፈጨቱን ለሱንዱስ እንዳልሰጥ ሱንዱስ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ለጎረቤት ልጅ እንዳልሰጥ ዘኪያ «ራስህ ሂድ» አለች። ሄድኩ።

ወፍጮ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው። ሠላሳ ዓመት በበሩ አልፌያለሁ፤ ገብቼበት አላውቅም። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች በየጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ስገባ ወሬው ቆመ። ግማሾቹን አውቃቸዋለሁ፤ የተማሪዎች እናቶች ናቸው፣ የቀሩት ራሳቸው ተማሪዎቼ ነበሩ። አንዷ «ሲዲ፣ ጠፍተው ነው?» አለች፤ ሳቅ አለፈ። ሌላዋ «ለበጎቹ ነው መሰለኝ፤ ሲዲ ሙኽታር ገብስ አይነካም፣ ዘኪያ ነግራኛለች» አለች።

ለበጎቹ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። በግ የለኝም። ይህንንም ያውቃሉ።

«ለኔ ነው» አልኩ። «ስኳር አለብኝ። ዘኪያም አለባት፤ የእሷ ከኔ ይብሳል። ሁለት ጣቷ ተቆርጧል፤ ያላየሁላትም እኔ ነኝ።»

ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ግድግዳው የሚፈርስ መስሎኝ ጠበቅሁ።

ወፍጮውን የምታዘው ሴትዮ እስከ ቅንድቧ ዱቄት ለብሳለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ እዚህ ስኳር የሌለበት ማን አለ?» አለች። «ይልቅ ጆንያዎን ከመተላለፊያው ያንሱ። ተራዎ ከሰማያዊ ሻርፕ ለባሿ ቀጥሎ ነው።»

ጆንያዬን አንስቼ ከሰማያዊ ሻርፕ ለባሿ ጎን ተቀመጥኩ። ፈቀቅ አለችልኝ።